ወደ መስኮቱ የተነሣ ላባ

የሰፈሩ ሰው ቤታቸውን «ዝንብ ቤት» ይለዋል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ እውነትም ዝንብ ይሠራበታል። ሌላው ሰው ዓሣ ሲያጠምድ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል። ሀብታም አጥማጆች ግን ትል መንካት ይቀፋቸዋል መሰለኝ፣ ሐር የተጠመጠመበት፣ ዘቦ የሚሉት የወርቅ ክር የሚያብለጨልጭበት፣ ክንፉ በባለ ቀለም ላባ የተሠራ መንጠቆ ይገዛሉ። ስሙን ዝንብ ይበሉት እንጂ ቢራቢሮም አይወዳደረው። ከመካከላቸው የባሰባቸው ደግሞ ውኃ እንኳ አያስነኩትም፤ መስታወት ባለው ሳጥን አድርገው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። የዝንብ ቤትን ጣሪያ እስከ ዛሬ ያቆመው የነዚህ ሰዎች እብደት ነው።

ባለሙያው አባትየው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እህታቸው ናቸው፤ አፋቸው የማያርፍ፣ እጃቸው ምንም ነገር የማይጥል ሴት። ልጅቷን ደግሞ ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል ከአፏ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ እሷ አፏን ዘግታ ዝንብ ታመርታለች እያሉ ይቀልዱባታል።

ላባውን የሚያመጣላቸው የባለ ዶሮው ልጅ ነበር። ባለ ዶሮው ይባል እንጂ አባቱ ዝይም፣ ዥግራም፣ ጣዎስም ያረባል። ልጁ ላባውን ይለቅማል፣ ያጥባል፣ ቀለም ውስጥ ይነክራል፣ ከወፏ ግራ ክንፍ የወጣውንና ከቀኟ የወጣውን ለይቶ በየፖስታው እየጻፈ ያመጣል። እጁ ሁልጊዜ ቀለም ነው፤ አንድ ሳምንት ቢጫ፣ በሚቀጥለው ሰማያዊ። አክስቷ የዚህ ልጅ እጅ እንደ እስስት ነው እያሉ ያሙታል። ጭምቷ ግን ፖስታውን ስትቀበለው ከጣቱ ትንሽ ቀለም እጇ ላይ ይቀራል፤ እሷም ሳትታጠበው ትውላለች። ፍቅራቸው እንዲህ ነው የጀመረው። እሱ ሲያቀብል፣ እሷ ዓይኗን ሰብራ ስትቀበል፣ አንድም ነገር ሳይባል ሁለቱም የልባቸውን ተነጋገሩ።

አክስቷ ነገሩ ሲገባቸው ቆሽታቸው አረረ። ሥራው ባሕር ማዶ ድረስ የሚፈለግ ቤት ሴት ልጁን ለዶሮ አርቢ አይሰጥም ብለው ፎከሩ። ልጁ ግን ወኔውን አሰባስቦ አባቷን በግልጽ ጠየቃቸው። እሳቸው እሺም እምቢም አላሉም። ለአንድ ጥንድ ክንፍ የሚበቃ የዝይ ላባ፣ በሦስት ቀለም፣ ግራና ቀኙ የተሟላ አድርጎ እንዲያመጣ ብቻ ነገሩት። ሰውን የሚያውቁት በሥራው ነውና።

እዚህ ላይ ስለ ግራና ቀኙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክንፉ ከአንድ ላባ አይሠራም። ከቀዩም፣ ከቢጫውም፣ ከሰማያዊውም ቀጭን ቀጭን ቁራጭ ይወሰድና ጎን ለጎን ተቀምጦ በጣት ጫፍ ይዳበሳል። ክርም ሙጫም የለም። የላባ ጎን ዓይን የማያየው መያዣ ስላለው ቁራጮቹ ተያይዘው አንድ ላባ ይሆናሉ። ባለሙያዎቹ ይህን ማጋባት ይሉታል። ግራ ግን ከግራ ጋር፣ ቀኝ ከቀኝ ጋር ነው። የተለያዩት ቢጋቡ ለጊዜው የተያያዙ ይመስላሉ፤ ሰው ሲተነፍስባቸው ይላቀቃሉ። ስለዚህ በዚህ ቤት ግራና ቀኙን አለመለየት ማለት ሌላ ቤት ሌብነት እንደማለት ነው።

ልጁ ላባውን ያመጣ ዕለት፣ ዝንቦቹን ተቀብሎ ለሀብታሞቹ የሚያደርሰው ነጋዴ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ጭምቷን ወደ ጓዳ አስገቧት። በመጋረጃው ቀዳዳ የአባቷን ጀርባና የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ታያለች። አባቷ እንደ ልማዳቸው አንዱን ሰማያዊ ላባ በሁለት ጣት አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ለብዙ ጊዜ ያዙት።

«ቀኝ ብለህ ጽፈህበታል» አሉ። «ይሄ ግራ ነው።»

ሌላ አነሡ፤ እሱንም ግራ ነው አሉ። ከዚያ ግራና ቀኙን ያልለየ ሰው ቤት እንዴት ይመራል ብለው ሲጠይቁ ነጋዴው በሳቅ ፈነዳ፤ አክስቷም አጀቡት። ጭምቷ መጋረጃውን ጨብጣ የልጁን ድምፅ ጠበቀች። አንድ ቃል። ሌላ አልፈለገችም፤ «ተሳስተዋል» ቢል በቂዋ ነበር።

«አጥፍቻለሁ ጋሼ» አለ ልጁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። የጭምቷ ተስፋ ያን ጊዜ ነው የተቆረጠው። ስንት ዓመት በአንድም ላባ ያልተሳሳተ ሰው በዚያች ቀን የተሳሳተው ልቡ ሌላ ቦታ ቢሆን ነው አለች። የማይፈልግ ሰው ደግሞ ሰበብ አያጣም። በኋላ ከልጁ አንዲት አጭር ደብዳቤ ደረሰቻት፤ ውስጧ ያለው ይቅርታ ብቻ ነው። ይህቺ ደብዳቤ ይባስ አቃጠለቻት። ካላጠፋ ለምን ይቅርታ ይጠይቃል? ጥርሷን ነክሳበት ሰነበተች።

* * *

ዛሬ ነጋዴው ከምሳ በኋላ ይመጣል። ባለ መስታወቱ ሳጥን ተወልውሎ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። መንጠቆው ላይ ሐሩ ተጠምጥሟል፣ ዘቦው ታስሯል። ግራው ክንፍ አልቋል። ቀኙ ክንፍ ላይ ግን ቀዩና ቢጫው ተጋብተው ሰማያዊ አጥተው ቆመዋል። ላባ አምጪው መምጣት ከተወ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ተሟጧል።

አክስቷ ይህን ሲሰሙ ወደ ስፌት መኪናቸው ሄደው መሳቢያውን አንኳኩተው ከፈቱና የተጨማደዱ ፖስታዎች ይዘው መጡ። ያ ልጅ ጥሎት የሄደው ነው አሉ፤ ወርውሩት ቢባል እሳቸው ምን በወጣቸው፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ብለው ከተቱት። ወደ በሩ እየሄዱ ደግሞ እንደ ዋዛ ጨመሩበት። ልጁ ዛሬ ከሰዓት በሚወጣው የጭነት መኪና ለቆ ይሄዳል፤ ከሐይቁ ማዶ ያለ ትልቅ እርባታ ቀጥሮታል፣ አርፎ ይሂድ።

ጭምቷ ፊቷን አላዞረችም። ይሂድ አለች በሆዷ፤ ይሂድ፣ ምን አገባኝ። እጇ ፖስታውን ሊከፍት እምቢ አላት።

ኋላ ላይ ከፈተችው። ቀኝ ላባ ነው የምትፈልገው፤ ልጁ አቀያይሯል ስለተባለ ቀኙን ልታገኝ «ግራ» ከሚለው ፖስታ ጀመረች። አንዱን ሳበች። ግራ ነው። ሌላውን ሳበች። እሱም ግራ። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው፤ አንድም ቀኝ የለባቸውም። «ቀኝ» የሚለውን ፖስታ ከፈተች። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ሰፊው ጎናቸው በአንድ ወገን፣ ጠባቡ በሌላው፣ የመሃል ዘንጋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ጎበጥ ያለ። እንዲህ በደንብ የተለየ ላባ እሱ ራሱ እንኳ አምጥቶ አያውቅም። እያንዳንዱን በእንፋሎት አቃንቶ፣ በጣቱ አበጥሮ፣ ስንት ቀን ደክሞበታል።

ክው አለች። ቀጥሎ የመጣባት ንዴት ነው። አባባ ዋሽተዋል ማለት ነው። ሊከለክሏት ፈልገው፣ እምቢ ማለት አፍረው፣ በነጋዴ ፊት የሰው ልጅ ስም አጥፍተዋል። «ቀኝ» የሚለውን ፖስታ እንደያዘች ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

አባቷ በራሳቸው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለሚቀጥለው መንጠቆ ሐር እየጠመጠሙ ነበር። ጠረጴዛቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ መቀሱ እዚህ፣ ቀዩ ክር እዚያ፣ አንድ ጣት ከቦታው ፈቀቅ ካለ ቤቱ ይታመሳል። ክንፉን ለሷ ከተዉላት ቆይተዋል። ክንፍ የወጣት ጣት ይፈልጋል ይላሉ። እሷም አደራ ተሰጠኝ ብላ ስትኮራ ነበር። አሁን ፊታቸው ቆማ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ክር ፈልገው እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ተራመደች፤ መቀሱን ነካች፣ ከመቀሱ ቀጥሎ ያለውን ክር አለፈች፣ ሦስተኛውን አነሣች።

ያየችውን ማመን አልፈለገችም። ከፖስታው አንድ ላባ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«አባባ» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይለወጥ እየጠበቀችው። «ይሄን ይዩልኝ፤ የቱ ነው?»

እሷን የመሰለች ባለሙያ ግራና ቀኝ አይጠፋትም። ጥያቄው ራሱ ነውር ነበር። አባቷ ግን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት።

«ቀኝ ነው። ደህና ላባ ነው።»

ቀኝ ነበር። ደስታ ሽው አለባት። ተቀበለቻቸው፤ ሌላ እንዳነሣች ሁሉ ፖስታውን አንኮሻኮሸችና ያንኑ ላባ መልሳ ሰጠቻቸው። አባቷን እንደ ሕፃን እየፈተነቻቸው መሆኑን ስታስበው ፊቷ በእፍረት ጋለ።

አባቷ ያዝ አደረጉት። እንደገና ወደ መስኮቱ አነሡት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ አርፏል፤ ዓይናቸው ግን ላባውን አልፎ፣ መስታወቱን አልፎ፣ ምንም የሌለበት ቦታ ያያል።

«ይሄ ግራው ነው» አሉ።

እጃቸው ግን አልወረደም። ላባውን እንደያዙ አውራ ጣታቸው ዘንጉ ላይ አንዴ ወረደችና ቆመች። ጭምቷ ያንን አላየችም፤ እንባዋን እየዋጠች ነበር። ሰማያዊ አልበቃኝም፣ ላመጣ ልውጣ አለቻቸው።

«ሂጂ» አሉ አባቷ ሳይዞሩ። «በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው።»

* * *

ሩጫ ያልለመደባት ሰው ስትሮጥ መንገድ ሁሉ ያያታል። የብስክሌት ጠጋኙ ጎማውን ጥሎ ተነሣ። ሁለት ሴቶች ማን ሞተ ተባባሉ። ጭምቷ ከጆሮዋ የሚገባ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስባት፤ እሱ ያን ቀን ፊት ለፊታቸው ነበር የቆመው። እሷ ጀርባቸውን አየች፣ እሱ ዓይናቸውን አየ።

የባለ ዶሮው ግቢ በር ላይ የጭነት መኪናው ቆሟል። ልጁ የዝይ ቀፎ ወደ ላይ እያቀበለ ነው፤ ዝይዎቹ ያለ የሌለ ስድባቸውን ያወርዱበታል። ሲያያት ቀፎውን መሬት አስቀመጠው። ጭምቷ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ንጹሕ ነው። ቢጫ የለ፣ ሰማያዊ የለ፣ ጥፍሩ ሥር እንኳ ምንም የለ። ሞቶ የታጠበ እጅ መሰላት።

«ላባዎቹ ልክ ናቸው» አለችው።

ልጁ ሾፌሩን አየ፣ መንገዱን አየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገሪ።»

ተሰናብቶ ሊሄድ ተሰናድቶ፣ ተዋርዶ፣ ዛሬም የሚያስበው ለአባቷ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ ጋሼ የቀለዱ መስሎት እንደነበር ነገራት። ቀና ብሎ ዓይናቸውን ሲያይ ግን ዓይናቸው ላባው ላይ አልነበረም። ጣታቸውን ዘንጉ ላይ ቢያሳርፉ ጣታቸው ይነግራቸው ነበር። ነጋዴው እያየ መዳበስ ደግሞ አይታየኝም ብሎ መናገር ነው። እሳቸውም አልዳበሱ፣ እሱም ገባው።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ። «ነጋዴው እዚያ ተቀምጧል። ‹ጋሼ፣ አይታይዎትም› ልበል? የዚያ ቤት ስም በዚያች ቃል ያልቅ ነበር። እንዲያ አድርጌ ባገባሽ በየትኛው ዓይንሽ ታዪኝ ነበር?»

«ለኔስ?»

«ላንቺ እንዴት ልንገርሽ። ከአባትሽ ጋር ላጣላሽ?»

«ጠላሁህ እኮ» አለች ጭምቷ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን አላወቀችም፤ ሾፌሩ ገመዱን ትቶ ዞረ። «ቀኑን ሙሉ ስረግምህ እውላለሁ። ደግሞ እጄን አያለሁ፤ ቀለም የለውም። ሳየው እንባዬ ይመጣል። መልሼ እረግምሃለሁ። ይሄን ታውቃለህ?»

«ጥላቻሽን እችለዋለሁ ብዬ ነው።»

«ማን ቻልልኝ አለህ? አባቴ ስለኔ ወሰኑ፣ አንተም ስለኔ ወሰንክ። ዝም ስለምል ሐሳብ የሌለኝ መሰላችሁ?»

ልጁ ንጹሑን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው፣ የሚጠረግ ነገር ሳይኖርበት። ምን ላድርግልሽ አላት ቀስ ብሎ። ና አለችው። መጥቼ ምን እላለሁ ሲላት ምንም አትበል፣ ዝም ማለት ታውቅበት የለ አለችው። ጋሼ ሊያዋርደኝ መጣ ይላሉ አለ። ሾፌሩ መሪው ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ዝይዎቹም አብረውት ነፉ።

«እኔ አባቴን እንዲህ ሆነው ጥያቸው ካንተ ጋር አልሄድም» አለች። «አንተም ዛሬ ከሄድክ አልጠብቅህም። ሁለተኛ የምሮጥበት ጉልበት የለኝም።»

ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች። ዞራ ብታየው እዚያው እንደምትወድቅ ስላወቀች አልዞረችም። የብስክሌት ጠጋኙ ጋ ስትደርስ የመኪናው ሞተር ሲነሣ፣ ማርሽ ሲገባ፣ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ሰማችው። የእግሯን መሬት መርገጥ እስክትጠራጠር ድረስ ባዶ ሆነች።

* * *

ቤት ስትደርስ ነጋዴው ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ሳጥኑ ተከፍቶ ዝንቡ በአንድ ክንፍ ቆሟል። አንድ ክንፍ ያለው ዝንብ ይሽከረከራል እንጂ አይበርም እያለ ለአክስቷ ይቀልዳል፤ አክስቷ አይስቁም፣ በጭምቷ ላይ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ። አባቷ እሷ የተወችው ጠረጴዛ ጋ መጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተዘረገፉት ሰማያዊ ላባዎች አሉ፤ አንዱ በእጃቸው ነው።

«አገኘሽ?» አሏት።

«አላገኘሁም፣ አባባ።»

ጭምቷ ተቀመጠች። ከፊቷ ያለውን ቀኝ ላባ አንሥታ መሥራት ትችል ነበር፤ ልክ መሆኑን ታውቃለች። ግን ያን ላባ ቆርጣ ቀኙ ክንፍ ላይ ብታጋባው ነጋዴው «ይሄ የዚያ ልጅ ላባ አይደለም እንዴ? ልክ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ካልሠራችው ደግሞ ነጋዴው ባዶ እጁን ሄዶ አይመለስም። አፏን ብትከፍት የአባቷ፣ ብትዘጋ የልጁ ስም ይጠፋል። መቀሱን ያዘችና ለቀቀችው።

በሩ ተንኳኳ። አክስቷ ሄደው ከፈቱና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» አሉ።

«ማነው?» አሉ አባቷ።

«ማን ይሆናል፣ ያ የባለ ዶሮው ልጅ ነዋ። ዝይ አምልጦበት እንደሆነ እንጂ እዚህ ምን ያመጣዋል?»

ልጁ ደፉ ላይ ቆሟል። ጫማው አቧራ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጭምቷን አላያትም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። እንደተባለው ዝም ብሎ መጥቷል። ነጋዴው ብርጭቆውን ከአፉ አነሣና ግራና ቀኙን ለይቶ መጣ እንዴ ብሎ ሳቀ።

ማንም አላጀበውም። አባቷ በእጃቸው ያለውን ላባ ይዘው ቆዩ። ጭምቷ አየቻቸው። ክንዳቸው ትንሽ ከፍ አለ፣ ወደ መስኮቱ ሊሄድ እንደለመደው። መንገድ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወረደ። አውራ ጣታቸውን ዘንጉ ላይ አሳረፉና በሁሉም ፊት ቀስ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ባለሙያ እንዲህ ሲያደርግ ነጋዴው ዓይቶ አያውቅም። ሳቁ በየት እንደሄደ እንጃ።

«ግባ» አሉ አባቷ።

ልጁ ገባ።

«ዛሬ ልጄ አንድ ላባ ሁለት ጊዜ ሰጠችኝ» አሉ። ድምፃቸው የተለመደው ነው። «ሁለት ስም አወጣሁለት።»

ጭምቷ አፏን በእጇ ያዘች። አባባ ይተዉት ልትል ነበር። አባቷ ላባውን ወደ ልጁ ዘረጉት። ትንሽ ሳቱ፣ ከቆመበት ቀኝ ወደሆነ ባዶ ቦታ ነው የዘረጉት። ልጁ ምንም ሳይል አንድ እርምጃ ተራምዶ እጃቸው የደረሰበት ቦታ ቆመ።

«ይሄ የቱ ነው?»

ልጁ ጭምቷን አየ። ዝም በል ያለችው እሷ ናት። እሷ «በል» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ቀኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያን ቀንም ቀኝ ነበር» አሉ አባቷ፣ ወደ ነጋዴውና ወደ እህታቸው ዞረው። «ያላየሁት እኔ ነኝ።»

አክስቷ ያገኙት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በሕይወታቸው የሚሉት ሲያጡ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ልጁ አንድ ነገር ሊል ሲሞክር አባቷ በእጃቸው ከለከሉት። ልጁ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ የወጣ ዕለት ነገሩ ገብቷቸው እንደነበር፣ ጥፋተኛም የተበደለም ሰው በር እንዲያ እንደማይዘጋ፣ የሰው ገመና የሸፈነ ሰው ግን እንደሚዘጋ ተናገሩ። አውቀው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማያውቁ ነገሩት።

ነጋዴው ሻዩን አስቀመጠ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዝንብ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ክንፉን ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ክንፉን የሚሠራው ማን ነው ታዲያ?»

«እሷ ናት» አሉ አባቷ።

ነጋዴው ከዚህ በኋላ እመጣለሁ አላለም፤ አልመጣምም አላለም። ሊነሣ ኮቱን ይዞ ነበር፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገውና ተቀመጠ። አባቷ ላባውን ለልጁ ለቀቁለት። ለሷ አቀብላት፣ ክንፉ አላለቀም አሉት።

ልጁ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አቀበላት። እሷም እንደ ድሮው ዓይኗን ሰብራ ልትቀበል ነበር፤ ዛሬ ግን ቀና ብላ አየችው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እስኪበቃት። ከዚያ ሰማያዊውን ቆርጣ ከቢጫው ጎን አስቀመጠችና መዳበስ ጀመረች። እንባ ዓይኗን ስለሸፈናት ላባው አልያያዝ አላት። እንደገና ሞከረች። ማንም አልቸኮለም፣ ነጋዴው እንኳ። ሁለቱም እጆቿ ላባ ይዘው ስለነበር እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ ሲንጠባጠብ መጥረግ አልቻለችም፤ መጥረግም አልፈለገችም።